የሀያቱ ምርቃት

ሀያቱ ዛሬም ሱቋ ደጃፍ ስትቀመጥ ዓይኗ ወደ ባሮ ወንዝ ይሄዳል። በደርግ ጊዜ ያ ዳርቻ እንዴት ያለ ዳርቻ ነበር! ጀልባው፣ ዓሣው፣ የሴቶቹ ሳቅ ሁሉ ይናፍቃታል፤ ከቀበሌ ድምፅ ማጉያ ሲጮህ የሚውለው መፈክር እንኳ ሳይቀር። "ያኔ ሰው ነበር" ትላለች፣ የአሁኑ ሰው ሁሉ እንጨት ይመስል።

ከጅማ ወደ ጋምቤላ መጥታ ከባሏ ከሳኒ ጋር ሱቅ ስትከፍት ስሟን ያስጠራው ምርቃቷ ነው። ሌላው ነጋዴ ስኳር ቆንጠር አድርጎ ሲመርቅ እሷ የራስ ምታት ክኒን ትመርቅ ነበር። የጋምቤላ ፀሐይ አናት ትበሳለችና ማን ይጠላል? ከሁሉ አብልጣ የምትሰጠው ለኛቦት ነበር። ኛቦት ደጃፏ ላይ ዓሣ የምትሸጥ፣ ረጅም፣ ሳቋ ወንዝ የሚሻገር የኑዌር ሴት ናት። ሁለቱ ሲጫወቱ ገበያተኛው ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ጠዋት ክኒን፣ ከሰዓት ክኒን፤ ሀያቱም እየሰጠች ደስ ይላት ነበር። ወዳጅን ማከም አይደል?

አንድ ቀን ጤና ረዳቱ ጎርደን ባለሱቆችን ቀበሌ ሰበሰበ። ጎርደን እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመራ፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ተቆጣ።

"ይህን ክኒን ዕለት ዕለት የሚውጥ ሰው፣ በዚህ ሙቀት ውኃም ካልጠጣ፣ ኩላሊቱ ቀስ እያለ ይሞታል። አያመውም፤ አያውቀውም። ፊትና እግሩ ካበጠ በኋላ ወደ እኔ ብታመጡት የምሰጠው ምንም መድኃኒት የለኝም። መከላከል የምንችለው ዛሬ ነው፤ የምትከላከሉትም እናንተ ናችሁ።"

ጠዋት ጠዋት የኛቦት ዓይን አበጥ ማለቱ ሀያቱን ትዝ አላት።

በማግስቱ ክኒኑን ከለከለቻት።

"ትናንት እህቴ ነበርሽ፤ ዛሬ ክኒን ሰሰትሽ?" አለች ኛቦት።

"ይገድልሻል አሉ! ውኃ ጠጪ፣ ውኃ!"

"ጠጥቼ የት ልሂድ? ወንዝ ዳር ወንድ። ገበያ ወንድ። ሽንቴን እስኪመሽ እንዴት ልያዘው?"

ስንት ዘመን አብረው ሲውሉ ሀያቱ ኛቦት አንዲት ጉንጭ ውኃ ስትጠጣ አይታ አታውቅም። ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ሁሉ እንደዚያው ነበሩ። ራሳቸውን ይፈልጠው የነበረው ጥም ኖሯል፤ እሷም ለጥም ክኒን ስትመርቅ ከርማለች።

ኛቦት ሳፋዋን አንስታ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ፊት ተቀመጠች። ደጃፉ ጭር አለ። ሀያቱ ሚዛኑን እየወለወለች አለቀሰች።

ማታ ሳኒን ያዘችው። "የጓሮውን ሽንት ቤት ለሴቶቹ እንክፈት።"

"ግቢዬን የገበያ መጸዳጃ ልታደርጊው ነው? ሰው ምን ይላል?"

"ነገ ለቅሶዋ ላይ ከምትቀመጥ ዛሬ በሩን ክፈትላት!"

ሳኒ ሲያጉረመርም ሰነበተ፤ ሆኖም ማጉረምረሙን ሳይተው በገዛ እጁ አጥሩን ቆርጦ በጓሮ በኩል በር አወጣላቸው። ሀያቱም ውኃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ በእንስራ ደጃፏ ላይ አቆመች። ሌሎቹ ሴቶች እየተሳሳቁ መጡ። ኛቦት ግን ኩራቷ ያዛት፤ ከማዶ ሆና ታያለች።

አንድ ቀትር ላይ ሳፋ መሬት ሲነካ ተሰማ። ኛቦት የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ፣ እጇን ዘረጋች።

"ምርቃቴስ?"

ሀያቱ ኩባያ ሙሉ ውኃ በአንድ እጇ፣ የጓሮውን ቁልፍ በሌላው ሰጠቻት። ኛቦት ጠጥታ ጨርሳ ሳቀች። የዚያን ቀን ሳቅ ሀያቱ እስከ ዛሬ በጆሮዋ ትሰማዋለች።

የማዶው ባለሱቅ ግን ክኒኑን አልተወም። የኛቦት ጎረቤት ኛዌች፣ ዘፋኝ የነበረችው፣ ከዚያው እየገዛች ቆየች። ውኃውን ቅመሺ ብለው ቢለምኗት "በሰው ጓሮ አልገባም" አለች። በኋላ እግሯ አበጠ፤ ጎርደንም እንዳለው የሚሰጣት ምንም አልነበረውም።

አሁን ሳኒም ሞቷል፤ እንስራውም ተሰብሮ በፕላስቲክ በርሜል ተተክቷል። ኛቦት ፀጉሯ ነጥቶ ከኒውላንድ ሰፈር እያዘገመች ትመጣለች፤ ገና ሳትቀመጥም እጇን ትዘረጋለች።

"ምርቃቴስ?"

ሀያቱ ጉልበቷን ይዛ ትነሳና ትቀዳላታለች። ትናንትም ኛቦት ጠጥታ ኩባያውን ስትመልስ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ ዳበሰችው።

"ኛዌች እዚህ ደጃፍ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ" አለች፣ "ዛሬ ሦስት አሮጊቶች ነበርን።"