ዳለቻ የተባልኩት እኔ ነኝ

ኧረ ሰው እንዴት በሬ ይባላል? እሺ ይባል፤ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት? እኔ ሙንዲር የመካነ ኢየሱስ የሱቅ ልጅ ነኝ። በሬን የማውቀው ቅቅል ሆኖ ሲቀርብ ነው። ይሄ ከስማዳ የመጣው የመሃል ተከላካያችን ምንይችል ግን ክለባችንን ከተቀላቀለ ጀምሮ እኔን የግራ ተከላካዩን «ዳለቻ»፣ የቀኙን ጌታነህን «ቡሬ» እያለ በበሬ ስም ይጠራናል።

«ሃ! ዳለቻ ተመለስ! ቡሬ አትቅደም!»

ወገዳ አካባቢ ሲያርስ ያደገ ሰው ስለሆነ ድምፁ ማይክ አያስፈልገውም። ደጋፊው ኳስ በነካሁ ቁጥር «እምቧ!» ይልልኛል። እህቴ ኢክላስ እንኳ ከልምምድ ስገባ «ገለባ ላቅርብልህ?» አለችኝ። ተቃጠልኩ!

አምበላችን ጉልበቱን ተጎድቶ ኳስ ሲያቆም የአምበልነቱን ጨርቅ ለጊዜው እኔ ክንዴ ላይ አሰርኩ። አሰልጣኝ ይግዛው ግን ምንይችልን ሊሾም አሰበ። እኔ በሕይወት እያለሁማ አይሆንም ብዬ ጌታነህን አስከትዬ ሄድኩ። «እንደ ከብት የሚነዳን ሰው አምበል አይሆነንም» አልኩት።

አሰልጣኙ ራሱን አከከና ምንይችልን አስጠራው። «እሁድ አንድ የበሬ ስም ካፍህ ካልወጣ ጨዋታው እንዳለቀ ጨርቁን አስርልሃለሁ፤ ከወጣ ግን አምበልነቱን እርሳው።»

ምንይችል አንገቱን ደፋ። «አባቴ ሊያዩኝ ይመጣሉ። አምበል ሆኜ ቢያዩኝ ደስ ይለኛል። ዝም እላለሁ» አለ።

እሁድ አባቱ አያ ዓባይ ከወገዳ አውቶቡስ አቧራ ለብሰው ወርደው ከፊት ተቀመጡ። ጨዋታው ተጀመረ። ምንይችል ስማችንን ሊጠራ ይታገላል። እኔን «ጌታነህ!» ይላል፣ ጌታነህን «ሙንዲር!» ይላል፤ እኔ ስሮጥ ጌታነህ ይቆማል፣ እሱ ሲሮጥ እኔ እቆማለሁ። በመሃላችን ጋሪ ቢነዱ ያልፍ ነበር። ሁለት ጎል ገባብን።

ከእረፍት በኋላ ሦስተኛው ሊገባ ሲል ምንይችል ወደ አባቱ አየ፤ ቀጥሎ ክንዴ ላይ ያለውን ጨርቅ አየ።

«ሃ! ዳለቻ ውጣ! ቡሬ አብረህ!»

እግሬ እኔን ሳያማክር ወጣ። ሦስታችን እኩል ተራመድን፤ አጥቂያቸው ከጨዋታ ውጭ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማን ያልፈናል? አጥቂዎቻችንም ነፍስ ዘሩና ሁለት ለሁለት ወጣን።

ጨዋታው ሲያልቅ አያ ዓባይ ሜዳ ገቡ። «ዳለቻ የትኛው ነው?»

ጌታነህ ፈጥኖ ወደ እኔ ጠቆመ። ከሃዲ!

«እኔ ነኝ» አልኩ ተኮሳትሬ።

ሽማግሌው አንገቴን ዳበሱት። «ልጄ ኳስ ልሞክር ብሎ ሲነሳ በሬያችንን ዳለቻን ሸጬ ነው የላክሁት። ያን ቀን ልጁ እህል አልቀመሰም፤ አብረው ነው ያደጉት። እንደ እሱ የሚታመንበት በሬ አልነበረንም» አሉኝና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ስንት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር! ጨርቁን ፈታሁና በአባቱ ፊት በምንይችል ክንድ ላይ አሰርኩት።

አሰልጣኝ ይግዛው እየሮጠ መጣ። «ምን እያደረግህ ነው? የበሬ ስም ጠርቷል እኮ!»

«የምን በሬ? የጠራው ስሜን ነው» አልኩት።