የወለተ ሚካኤል ፖም

«ሐዘንተኛ እሳት አይነካም! አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይለናል?»

ጎረቤቷ አበራሽ ድምጿን አፍና ነው የተቆጣችው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ለቅሶ ደራሾች ተቀምጠዋል። ዓለምጸሐይ ቀና አላለችም። ጓዳ ውስጥ ከል የገባ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሟች እናቷ በወለተ ሚካኤል ቢላዋ ፖም ትልጣለች። የነሐሴ ዝናብ የሣር ክዳኑን ይደበድባል። የሚገባው ሰው ገሳውን በር ላይ አራግፎ «እግዜር ያጥናሽ» ይልና ዝም ብሎ ይቀመጣል።

«ትናንት ቀበርናት፣ ነገ ሣልስቷ ነው» አለች አበራሽ። «ንፍሮውን እኛ እንቀቅላለን፤ ድፎውን እኛ እንጋግራለን። ጎረቤት ለመቼ ነው?»

«ንፍሮውን ቀቅሉ፣ እትዬ አበራሽ። ይኸን ግን እኔ ነኝ የምሠራው።»

«የፖም ገንፎ ለሣልስት? ካህናቱ ምን ይላሉ?»

«ካህናቱ ይበላሉ። ያቺ ተዋበችም ትበላለች።»

አበራሽ በነጠላዋ አፏን ያዘች። «ኧረ በማርያም፣ እሜቴ በይ! ይሰሙሻል።»

«ይስሙኝ።»

በሣልስት ለሟች ነፍስ የተቆረሰ ምግብ አይገፋም። ደመኛ እንኳ ቢሆን ቆርሶ ቀምሶ «ነፍስ ይማር» ይላል። ወለተ ሚካኤል በሕይወት ሳለች ከእጇ የሚበላ ሰው አልነበረም፤ አሁን ሞታለችና መብላታቸው ግድ ነው። ልጅቱ ከቀብር ከተመለሰች ወዲህ ያለቀሰችውን ያህል ይህንኑ ስታሰላስል ነው የቆየችው።

ወለተ ሚካኤል ሙያዋን የተማረችው አዲስ አበባ፣ ባሏ ምድር ባቡር ከሚሠራ አንዲት ፈረንሳዊት ማዳም ቤት ነው። ፊታውራሪ ቀለመ ወርቅ ለጉዳይ ሄደው እዚያ ቤት ተጋበዙና ከፖም የተሠራ ጣፋጭ ቢቀምሱ ልባቸው ቀረ። ማዳም ወደ አገሯ ስትመለስ ወጥ ቤቷን ይዘው ወደ እስቴ መጡ። ወለተ ሚካኤል መካነ ኢየሱስ ከተማ ስትገባ በበቅሎ የጫነችው አንድ ክዳን ያለው የብረት ድስትና ሥሩ በርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የፖም ችግኝ ብቻ ነበር። የጉና ብርድ ተስማማውና ችግኙ ዛፍ ሆነ።

«ውኃ አታብዢበት» ትል ነበር ልጇን ስታስተምር። «ፖም በራሱ እንባ ይበስላል። ክዳኑን ግጠሚ፣ እሳቱን አለዝቢ፣ ከዚያ ታገሺ።» የሎሚ ልጣጭ ጣል ታደርጋለች፣ ቀረፋ፣ ትንሽ ማር። ሲፈርስ በእንጨት ማንኪያ ትደቁሰዋለች። ማንኪያው ያለፈበት መንገድ ሳይዘጋ ከቆየ ደርሷል። ማዳም ኮምፖት ትለው ነበር፤ የእስቴ ሰው የፖም ገንፎ አለውና ተገላገለ። በፍስክ ሊጡን በቅቤ፣ በጾም በኑግ ዘይት ደራርባ ታጥፍና ገንፎውን በመካከሉ ከታ፣ የብረት ድስቱን ከላይም ከታችም ፍም አድርጋ ትጋግረዋለች። በመጨረሻ የድስቱን ቂጥ ፍቃ የመጀመሪያውን ማንኪያ ለልጇ ታጎርሳለች፤ ሁለተኛውን ልጅቱ ለእናቷ። ይህ ሳይደረግ ድስት አይታጠብም ነበር።

ፊታውራሪ አንድ ጥፋት ነበረባቸው፤ ማመስገን አያውቁበትም። ሚስታቸው ተዋበች እያለች በእንግዳ ፊት «የዚህ ቤት ባለሙያ ወለተ ሚካኤል ናት» ይሉ ነበር። (እኔ ተዋበችን አንቱ አልላትም፤ ብላት ዓለምጸሐይ ትቀየመኛለች።) ተዋበች ፈገግ ትላለች። ፈገግታዋ ውስጥ ምን እንደነበር የታወቀው በአንድ የፍልሰታ ጾም፣ ፊታውራሪ የደብሩን ካህናት በጠሩ ዕለት ነው።

ያን ዕለት ወለተ ሚካኤል ፍም ልታመጣ ወጣ ብላ ነበር። ዓለምጸሐይ ከእህል ጎታው ኋላ ተቀምጣ ፖም ትበላለች። ተዋበች ገባች፣ ወዲህ ወዲያ አየች፣ ከቅቤው ቅል አንድ ጭልፋ ሙሉ ዛቀችና ገንፎው ውስጥ አዋሃደችው። ካህናቱ ከቅዳሴ ወጥተው ማዕድ ከበቡ። ሳህኑ ከመምሬ ወልደ ሩፋኤል ፊት ቀርቦ፣ ተዋበች ዘንድ ገና ሳይደርስ፣ ከተቀመጠችበት ጮኸች፦ «ቅቤ! ይቺ ከፈረንጅ ጋር የበላች ሴት ካህናቱን ልታስገድፍ ነው! ቅቤ አለበት!»

መምሬ አንዱን ቢቆርሱት እውነትም ቅቤው ወዝቶ ታየ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል? ወለተ ሚካኤል ከፊታውራሪ ቤት ተባረረች። መምሬ ንስሐ አገቧት፣ ከቁርባን ከለከሏት። ንስሐዋን ፈጸመች፣ የሰው አፍ ግን ንስሐ የለውም። ማኅበርተኞች ጽዋዋን መለሱባት፤ ጎረቤት እሳት ይለምናት ነበር እንጂ እንጀራ አይቀበላትም። ከአበራሽ በቀር ደጇን የሚረግጥ ጠፋ። ፖሙ በየዓመቱ እየረገፈ አህያ በላው። አህዮች ብቻ አልተጠየፏትም።

ልጅቱ ያየችውን ስትነግራት እናቷ አፏን በመዳፏ ዘጋችው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» አለች። «ያየሽውን ዋጪው።»

ዓለምጸሐይ ዋጠችው። አልተፈጨላትም።

የሣልስቱ ዕለት ጎህ ሲቀድ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ድስቱ ተጥዷል፣ ፖሙ በራሱ እንባ መንተክተክ ጀምሯል። ዓለምጸሐይ የቅቤውን ቅል አውርዳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ፍልሰታ ገና አልተፈታም፤ ያሰበችው ይህ ነው፦ ቅቤውን ጨምራ ተዋበችን ማስገደፍ፣ ከዚያ በሰው ፊት «ቅቤ!» ብላ መጮኽ። ያንኑ ጩኸት፣ ያንኑ ቃል። ተዋበች አንገቷን ደፍታ ስትወጣ ማየት። በልቧ ስንቴ አይታዋለች!

የቅሉ አፍ በጥጥ ፈትል ታስሯል። ያሰረችው አበራሽ ናት። ወለተ ሚካኤል ከዚያ ክስ ወዲህ ጾም በገባ ቁጥር ቅሏን ይዛ አበራሽ ቤት እየሄደች «እሰሪልኝና ምስክር ሁኚኝ» ትላት ነበር። ዘንድሮም ታማ፣ በሰው ተደግፋ ሄዳ አሳስራለች።

ዓለምጸሐይ ቋጠሮውን በጥፍሯ ያዘች። ብትፈታው ተዋበች ትዋረዳለች፤ አገሩ ግን «ልጅም እንደ እናቷ» ይላል። ያ ውሸት እውነት ሊሆን ነው፤ እውነት የምታደርገውም እሷ። እናቷ ዕድሜ ልኳን ያሰረችውን በአንድ ጠዋት ልትፈታው! ጥፍሯን ከቋጠሮው አላቀቀች። ቅሉን አስቀመጠች።

በቀሏን ግን አላስቀመጠችም። ቅሉን ወስዳ ገቢ ወጪው በሚያየው በበሩ አጠገብ አኖረችው።

ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐቱን አድርሰው ገቡ። ሰዉ በጉዝጓዙ ላይ ተቀመጠ። ተዋበች ከበቅሎዋ ወርዳ፣ ጥቁር ጃንጥላዋን ለአሽከር ሰጥታ ገባች። ባሏ ፊታውራሪ ከሞቱ ወዲህ ወፍራለች እንጂ አላረጀችም። በሩ ላይ ዓይኗ ቅሉ ላይ አረፈ። ቆም አለች። «እግዜር ያጥናሽ» አለች ለዓለምጸሐይ፣ ፊቷን ሳታይ።

«ይግቡ፣ እሜቴ። እናቴ ስትጠብቅዎ ነበር።»

ንፍሮው ዞረ። ቀጥሎ ዓለምጸሐይ ራሷ በሰፌድ የታጠፈውን ቂጣ ይዛ ወጣች። የፖሙና የቀረፋው ሽታ ቤቱን ሲሞላው ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ያን ሽታ የረሳ የለም። መምሬ ወልደ ሩፋኤል ባረኩ። ለአፍታ ያህል በእጃቸው ይዘው አሰቡና ቆረሱ፣ ቀመሱ፣ «ነፍስ ይማር» አሉ። ሰዉም ተከተለ። ሰፌዱ ተዋበች ዘንድ ደረሰ።

«አልበላም» አለች።

«ስለ ነፍሷ ነው እኮ፣ እመቤቴ» አሉ መምሬ።

«አልበላም አልኩ! ቅቤ አለበት! እናቷ ያደረገችውን ልትደግም ነው፤ አላስገድፍም ራሴን!»

መምሬ የያዙትን ቁራሽ ገልብጠው አዩት። «እኔ እኮ በላሁ። ኑግ ነው። ቅቤ የለበትም።»

አበራሽ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ቅሉን አመጣችና ለሰዉ አሳየች። «ቋጠሮው የእኔ ነው። ጾም ሊገባ ሲል አሰርኩት፣ ይኸው እንደታሰረ ነው። ሟቿ ስንት ዓመት ሙሉ ስታሳስረኝ ኖረች።»

«እሜቴ» አለች ዓለምጸሐይ። አልጮኸችም፤ መጮኽ አላስፈለጋትም። «ሳይቀምሱ በምን አወቁ?»

ተዋበች ሰፌዱን በእጇ ገፋ አደረገችው።

«አባቴ፣ እርስዎም ይንገሩኝ። ያን ጊዜስ፣ እሜቴ ‹ቅቤ› ብለው ሲጮኹ ሳህኑ እሳቸው ዘንድ ደርሶ ነበር?»

መምሬ የመስቀላቸውን እጀታ ጨበጡ። «አልደረሰም» አሉ በመጨረሻ። «አልደረሰም ነበር። ከፊቴ ነበር ሳህኑ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ይህን ሳልጠይቅ ነው ንስሐ ያገባኋት።»

«ከጎታው ኋላ ነበርኩ፣ እሜቴ» አለች ዓለምጸሐይ። «ጭልፋውን የያዘውን እጅ አይቻለሁ። ይኸው፣ ዛሬም ጃንጥላ ይዞ መጥቷል።»

ተዋበች ወደ በሩ አየች። በሩ ላይ ሰው ተቀምጧል፤ የሚነሣላት አልነበረም። ትናንት ቢሆን ሁሉም ብድግ ይሉላት ነበር።

ዓለምጸሐይ ከፊቷ ተንበረከከች። ቂጣውን ቆርሳ፣ ገንፎው እንዳይፈስ በመዳፏ ደግፋ ወደ አፏ አስጠጋችላት። «ይጉረሱ።»

«ተዪኝ...»

«በእናቴ ሞት፣ ይጉረሱ።»

በሞቴ ሲባል እምቢ የሚል ሰው አለ፤ ይህንን ግን እምቢ የሚል የለም። ተዋበች ጎረሰች። እንባዋ ከገንፎው ጋር ወረደ። ዓለምጸሐይ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመቻት፣ ሦስተኛውንም ሰጠቻት፣ እስክትውጥ ድረስ ዓይኗን ከጉሮሮዋ አላነሣችም። ደስ አላት። ደስታው እስከ ጥፍሯ ድረስ ተሰማት፣ አላፈረችበትም።

«ነፍስ ይማር ይበሉ።»

«ነፍስ... ይማር።»

ተዋበች ስትወጣ በቅሎዋን የያዘላት አሽከሯ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሟቿን ጽዋ የመለሱት ማኅበርተኞች አንድ በአንድ እየመጡ ከሰፌዱ አነሡ። አንዲቱ ደግማ ወሰደች። መምሬ በሩ ላይ ቆመው «ንስሐው የእኔ ነው እንግዲህ» አሉና ዳግመኛ ወደ ጀመረው ዝናብ ወጡ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ዓለምጸሐይ ጓዳ ገባች። ድስቱ ከምድጃው ዳር ተቀምጧል። ቂጡ ላይ ትንሽ ገንፎ ደርቋል። በእንጨት ማንኪያው ፋቀችውና የመጀመሪያውን ጎረሰች። ጣፋጭ ነበር፤ እናቷ ከሠራችው አይለይም። ሁለተኛውን ፋቀች። ማንኪያውን በግራ እጇ ከሥሩ ደግፋ፣ እንዳይንጠባጠብ ተጠንቅቃ፣ እናቷ ትቀመጥበት ወደነበረው በርጩማ ዘረጋችው። ክንዷ እስኪዝል ድረስ አላጠፈችውም።