ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ቧንቧ

የሰላሙ ጊዜ ጠብ እንኳ ይናፍቃል። ሀስና ወልድያ ላይ ተጣላሁ ብትል ከእትዬ ሓረጉ ጋር ብቻ ነው፤ ያጣላቸውም ርስት አይደለም፣ ገንዘብ አይደለም፣ የወንዝ ጭቃ ነው።

ሀስና ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ከተማውን አቋርጦ የሚወርደውን ወንዝ ነበር፤ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የተኛውን ደለል። እትዬ ሓረጉ ደግሞ ወላጆቻቸው ከትግራይ የመጡ፣ እሳቸው ግን ወልድያ ላይ ተወልደው ወልድያ ላይ ያረጁ ባለሆቴል ናቸው። የሆቴላቸው እጣቢ በወፍራም ቧንቧ ቀጥ ብሎ ወንዙ ውስጥ ይገባል። እሳቸው ይደፋሉ፣ እሷ ትለካለች።

አንድ ቀን ጠርሙሷን ይዛ ገባችና አስረዳቻቸው። ደለሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጡራን አሉ። ከፊሎቹ ከሽንትና ከእጣቢ የሚመጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አየር የማይደርሳቸው፣ ከታች ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ማንንም የማይጎዳ አየር አድርገው ወደ ሰማይ ይሸኙታል። ፍሳሹ ሲበዛ ግን የላይኞቹ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሥራው ይቆማል፣ ወንዙ ይመረዛል።

«በይኛ ጥጋብ ነው የገደላቸው!» አሉ እትዬ ሓረጉ።

«ነው፣ ወላሂ።»

«የጥጋብ መድኃኒቱ ጾም ነው።»

ቃላቸውን የሚያጥፉ ሴት አልነበሩም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ቧንቧው በጨርቅ ይወተፍ ጀመር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ሀስና ሐሙስ ጠዋት ወርዳ ስትለካ አሞኒያው ከወትሮው እጥፍ ሆኖ አገኘችው። መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ደግማ ለካች። ኋላ ነገሩ ሲጣራ፣ ለካስ እትዬ ሓረጉ የረቡዑን እጣቢ በበርሜል እያቆሩ ሐሙስ ሲነጋ ባንዴ ይለቁት ኖሯል።

«ምነው፣ ጾም ይፈታ የለም እንዴ?» ብለው እሳቸው ጭራሽ ተቆጡ። «ጾሞ ያደረን ፍጡር በጭልፋ ላቅምሰው?»

ሀስና ልትጣላ ሄዳ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ እየተነታረኩ ሻይ መጠጣት ልማድ ሆነባቸው። ወንዙ ግን እንደገማ ቀረ።

አማካሪዋ ዶክተር ደሳለኝ «ፍሳሽ የማይገባበት ወቅት ለማነጻጸሪያ ብናገኝ ጥሩ ነበር» ይሏታል። «ግን ከተማውን ዝጉልኝ ብለሽ ለማን ታመለክቻለሽ?»

ጦርነቱ ማመልከቻ ሳይጠብቅ ዘጋው። በ2013 ክረምት ውጊያው ሲቃረብ ሀስና እንደ ብዙው ሰው ወደ ደሴ፣ ከዚያም አልፋ ተሰደደች። ታኅሣሥ ላይ ስትመለስ የእትዬ ሓረጉ ሆቴል በቁልፍ ተዘግቶ አገኘችው።

«ሰው በዘር በጎሪጥ መተያየት ሲጀምር ጊዜ ቆልፈው ሄዱ» አለቻት ጎረቤታቸው አሰለፈች።

«ማንም አልከለከላቸውም?»

«ተይው፣ ሆድ ይፍጀው።»

ሀስና ወደ ወንዙ ወረደች። ውሃው ከሥሩ ያለውን ጠጠር ያሳያል። ለካች፤ አሞኒያው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ያ ስንት ጊዜ የተመኘችው ማነጻጸሪያ ይኸው እጇ ገባ። ደስ ሊላት ሲገባ ጠርሙሱን እንደያዘች ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሆቴል የለ፣ ልብስ አጣቢ የለ፣ ባጃጅ የሚያጥብ የለ፤ ወንዙ የጠራው ሰው ጠፍቶ ነው። ሐሙስ ሲሆን ደግሞ ይብስባታል።

የካቲት ላይ አንድ የሚኒባስ ሾፌር እትዬ ሓረጉን መርሳ ገበያ እንዳያቸው ነገራት። በማግስቱ ማልዳ ተሳፈረች። ይዣቸው ካልመጣሁ ብላ ለራሷ ምላለች።

ገበያው ገና አልሞቀም ነበር። እትዬ ሓረጉ ከፊታቸው ፓፓያ ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ሀስና ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«አልሐምዱሊላህ! አሉልኝ!»

«አብሽሪ ልጄ፣ አለሁ። የክርስትና ልጄ ዘንድ ተጠግቼ።»

«ተነሡ፣ ቤትዎ እንሂድ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቹን አብሬ ያሳደግኩለት ሰው እንዴት አደርክ ስለው ፊቱን አዞረብኝ። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ልግባ?»

ሀስና አንዱን ፓፓያ አንሥታ ታገላብጥ ጀመር። በሚኒባሱ ውስጥ ስታሰናዳው የመጣችው ልመና ሁሉ ለዚህ የሚሆን አልነበረም። እሳቸው አዘኑላትና ወሬ ቀየሩ።

«ይልቅ ወንዝሽ እንዴት ነው? እነዚያ ፍጡሮችሽ ተነፈሱ?»

«ተነፈሱ። ጠጠሩ ይታያል። እንቁራሪትም ገብቶበታል።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! እኔ ነበርኩ በሽታቸው።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«ወላሂ አልፈልገውም!» አለች ሀስና፣ ገበያተኛው ዞሮ እስኪያያት ጮኻ። «ጥራቱም፣ ዲግሪውም ይቅርብኝ። ይምጡና ያቆሽሹት፣ እትዬ!»

እትዬ ሓረጉ አንድም ያልተሸጠውን ፓፓያ እያነሡ ወደ ከረጢቱ ይመልሱት ጀመር።