የዳሚት ሴት ልጆች

ዳሚት በወለደች ቁጥር መሪጌታ ባምላክ ለወንዶቹ ቡችሎች ወሳጅ አጥተው አያውቁም። ከኮላ ድባ ጤፍ ጭነው የሚመጡ ገበሬዎች ቁስቋም ድረስ ወጥተው፣ የቡችላውን አፍ ከፍተው አይተው፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትተውት ይሄዳሉ። ሴቶቹን ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። «ሴት ውሻ ለምኔ ነው? ግቢዬን የውሻ ጎረምሳ ልታስሞላው?» ይላሉ። አባባላቸው ሐሰት አልነበረም፤ የመሪጌታ አጥር ሥር በየጊዜው የሚናከሱት ጎረምሶች ምስክር ነበሩ።

ጎረቤት እንደሚያደርገው ወንዝ ውስጥ እንዳይጥሏቸው ደግሞ የመሪጌታ ሆድ አይችልም። ስለዚህ የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። የቁስቋም ቀን፣ ወር በገባ በስድስት፣ ሴቶቹን ቡችሎች በቅርጫት ይዘው ይሄዱና ምእመናን ዳቦ በሚቆርሱበት በኩል ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ያስቀምጧቸዋል። «እመቤቴ፣ አደራሽን» ብለው ይሳለማሉ። ጽድቅ የሠሩ ያህል ቀለል ብሏቸው ይመለሳሉ። ዳሚት ለጥቂት ቀን ግቢውን ስታሸት ትሰነብትና ዝም ትላለች። መሪጌታ የረሳች ይመስላቸው ነበር።

የወንድማቸው ልጅ ዝማሬ የእንስሳት ሐኪም ናት። ከተማ መሃል ሥራ ከጀመረች ወዲህ ቤታቸው መጥታ ይህን ነገር ሳታነሣ የሄደችበት ቀን የለም።

«የኔታ፣ አንድ ጠዋት ያምጡልኝ። አደንዝዤ ማሕፀኗን አወጣላታለሁ። ማታ ቤቷ ናት። ሁለተኛ አትወልድም።»

«ምነው ልጄ! ‹ብዝኁ ወተባዝኁ› ያለውን ፈጣሪ አንቺ በመቀስ ልታርሚው?»

«ለፋሲካ የሚያደልቡትን በግ ታዲያ ማን አኮላሸው?»

«እሱማ ሙክት ነው። ይበላል።»

«አሃ! ለሆድ ሲሆን ተፈቀደ?»

መሪጌታ ሳቁ። ሰው ተሸንፎ ሲስቅ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ እሳቸውም ያለቀ መስሏቸው ወደ ድጓቸው ተመለሱ።

አላለቀም። ቅጥሩ ሥር የተተዉት ሁሉ ሴቶች ነበሩና አድገው ወለዱ፤ የወለዷቸውም ወለዱ። ኪዳን ለማድረስ የሚመጡ እናቶች ድንጋይና ዱላ መያዝ ጀመሩ። አንድ እሑድ ውሻ ቅዳሴ መሃል ዘልቆ ገባና ሕዝቡ ተረበሸ። ሌላ ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር ተነክሳ ለእብድ ውሻ መከላከያ መርፌ ተመላለሰች። የሰፈሩ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ሥጋ በመርዝ ተለውሶ ይጣል ተባለ። መሪጌታም ሲጠየቁ አንገታቸውን ደፍተው «ይሁን» አሉ። የእነዚያ ውሾች ዘር ከማን ግቢ እንደወጣ ያነሣ ሰው አልነበረም። እሳቸውም አላነሡም።

መርዙ ከመጣሉ በፊት ውሻ ያለው ሁሉ ውሻውን እንዲያስር በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ዳሚት አራስ ነበረች። ሴቶቹን ልጆቿን መሪጌታ በዚያው ሰሞን ወስደው ቅጥሩ ሥር አስቀምጠዋቸዋል። «እነሱ ገና ጥርስ አላወጡም፣ ሥጋ አይበሉም» ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ታዲያ ምን በልተው እንደሚኖሩ አላሰቡም።

ባለቤታቸው አበቡ ግን አሰቡ።

«ጡቷ እኮ አልደረቀም። በሰንሰለት ይሁን መሪጌታ።»

«የሙክቱ ገመድ ይበቃታል። ደግሞ ለአንድ ሌሊት!» አሉና በገመድ አሰሯት።

ጠዋት ኪዳን ሊያደርሱ ሲነሡ ገመዱ ተበጥሶ አገኙት። ጫፉ በጥርስ ታኝኮ ረጥቧል። መሪጌታ ጥምጥማቸውን በወጉ ሳያስሩ፣ መቋሚያቸውንም ሳይዙ ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ ያያቸው ሰው ሁሉ ቤት የተቃጠለ መሰለው።

ዳሚት ቅጥሩ ሥር በጎኗ ተኝታለች። ልጆቿ ሆዷ ላይ ተደርድረው፣ በትንንሽ እጃቸው እየገፉ ይጠባሉ። መሪጌታ እፎይ አሉ። «አንቺ ሌባ! ዳሚት!» ብለው ጠሯት። ጅራቷ አልተነቃነቀም። ቀረብ ሲሉ አፏ ላይ አረፋ አዩ። ልጆቹ መጥባታቸውን አላቆሙም።

የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አያ ነጋ በትሩን ተደግፎ መጣ።

«የእርስዎ ኑራለች እንዴ የኔታ? እኔ ባለቤት የሌላት መስላኝ። ጎህ ሲቀድ እየመጣች ታጠባቸው ነበር እኮ። እነዚህን ብቻ አይደለም፤ የፊተኞቹንም። ሸጋ እናት ነበረች።»

መሪጌታ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። አደራውን ለእመቤታችን ሰጥቻለሁ ብለው እሳቸው ሲተኙ፣ አደራውን በየጠዋቱ ስትጠብቅ የኖረችው ውሻዋ ነበረች። ኪዳኑም ያለ እሳቸው ተደረሰ።

ቡችሎቹን በዚያው በቅርጫታቸው ዝማሬ ዘንድ ወሰዷቸው። መርዙ የገባበትን የእናታቸውን ወተት ጠብተው ነበርና አንድ በአንድ አለቁ። የተረፈችው አንዲት ዳማ ብቻ ናት፣ የእናቷን መልክ የያዘች። አበቡ በጡጦ አሳደጓት። ማሕፀኗ የሚወጣበት ዕድሜ ሲደርስ መሪጌታ ማንም ሳይጎተጉታቸው በጋቢያቸው አቅፈው ወደ ዝማሬ ወሰዷት፤ በሩ ላይም ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ጠበቁ። ሳይጨርሱት ተጠሩ።

ቡችላዋ አንቀላፍታለች። የተላጨው ሆዷ ላይ ስፌት አለ። ከመሪጌታ የአውራ ጣት አንጓ አይበልጥም። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን አጠገቡ አስቀምጠው ለኩት።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት፣ የኔታ።»

«ይቺን ታህል ነገር ነው የከለከልኋት?» አሉ ጣታቸውን ሳያነሡ።

ዝማሬ ለቡችላዋ የተጨነቁ መስሏት ትከሻቸውን ያዝ አደረገች። «አይዞዎት፣ ምንም አላመማትም።»

«እናቷን ነው የምልሽ» አሉ።