የጋሽ ባፈና ማሰልጠኛ

ጋሽ ባፈና ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ሙዝ ሲያመላልሱ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩ ሾፌር ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ገጭተው አያውቁም። ይህን እሳቸው አይናገሩትም፤ የነገሩኝ መናኸሪያ አካባቢ የሚያውቋቸው ሾፌሮች ናቸው። የጭነት መኪናቸውን ሸጠው ማሰልጠኛ ሊከፍቱ ነው ሲባል የሳቁባቸውም እነዚሁ ናቸው።

ከእሳቸው ጋር ያገናኘኝ አባቴ ነው። አባቴ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ መጥቶ፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ሲያስተምር ኖሮ እዚያው ጡረታ የወጣ መምህር ነው። የጋሽ ባፈናን ሁለት ልጆች አስተምሯል። እኔ በሎጂስቲክስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጬ ነበር። አንድ እሑድ ቤታችን መጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "መምህር፣ ልጅዎ ሊሻን ወረቀት ትችላለች አሉ። እኔ መንገዱን እችላለሁ። አንድ ላይ ብንሠራስ?" አሉት።

የፈለጉት መንጃ ፈቃድ ብቻ የሚያወጣ ቤት አልነበረም። ጭነት እንዴት እንደሚታሰር፣ ሙዝ ሳይላላጥ እንዴት እንደሚደረደር፣ ረዳት ተሳፋሪን እንዴት እንደሚያነጋግር፣ ፍሬን ሳይግል ቁልቁለት በማርሽ እንዴት እንደሚወረድ፣ ይህን ሁሉ ማስተማር ፈለጉ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ እየጻፍኩ የትምህርት ዕቅዱ ስድስት ሳምንት ፈጀብን። አንዳንዴ መሃል ላይ ያቆሙና አንድ የሞተ ሾፌር ስም ይጠሩ ነበር። የት እንደተገለበጠ፣ ምን ቢያውቅ ኖሮ ይተርፍ እንደነበር ይነግሩኛል። እኔም እጽፋለሁ።

ፈቃዱ ከብዙ ምልልስ በኋላ ወጣ። ሲቀላ ሰፈር ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። አንድ አሮጌ ዲኤክስ የቤት መኪና ገዛንና በአሰልጣኙ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አስገጠምንበት። ለመጀመሪያው ዙር አሥራ አራት ሰው ተመዘገበ፤ አሥራ አንዱ ፈተናውን አለፈ። እኔ ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክት አስተምራለሁ፣ ዘርአብሩክ የሚባል ልጅ ደግሞ መኪና ላይ ያሰለጥናል። ጋሽ ባፈና የማሰሪያ ገመድ ይዘው ግቢው ውስጥ ቆመው ቋጠሮ ያሳያሉ። ያን ጊዜ ማታ ቤት ስገባ አባቴ "ዛሬስ?" ይለኛል፣ እኔም የምነግረው ነገር ነበረኝ።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ዘርአብሩክ የረጅም መንገድ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሌላ አሰልጣኝ ፈለግን፤ የአሰልጣኝነት ፈቃድ ያለው ሰው ጠፋ። ፈቃዱ ያላቸው ጋሽ ባፈና ብቻ ስለነበሩ ራሳቸው ከሰልጣኞቹ ጎን መቀመጥ ጀመሩ።

የሆነ ነገር እንዳለ የጠረጠርኩት በሻይ ብርጭቆ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ በቀኛቸው የተቀመጠ ብርጭቆ በክንዳቸው ደፉ። ሌላ ቀን አንድ እንግዳ ከጎን እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ እሳቸው ዝም ብለው አለፉት፣ ሰውየውም ተቀይሞ ሄደ። ከዚያ ማኅተም ፍለጋ የቢሮውን ቁም ሳጥን ስከፍት ከፋይሎቹ ጀርባ ሦስት የዓይን ጠብታ ብልቃጦች አገኘሁ። አንዱን ይዤ ግቢው ውስጥ ወዳሉበት ወጣሁ።

"ይሄ የማን ነው ጋሼ?"

ብልቃጡን ከእጄ ተቀበሉኝ። "ሶዶ ሆስፒታል ሄጄ ታይቻለሁ" አሉ። "የዓይን ግፊት ነው አሉኝ። የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ያቆየዋል አሉ።"

"ታዲያ የጤና ምርመራውን እንዴት አለፉት?"

"ፊደሉን አንብብ አሉኝ፣ አነበብኩ። ፊት ለፊትማ አያለሁ። ያቺ ግድግዳ ላይ ያለችውን ጉንዳን አያታለሁ። ጎን ነው የሌለኝ። ቀኙ ይብሳል።"

"እትዬ አሰፋሽ ያውቃሉ?"

"ለሚስቴም አልነገርኩም። ለማንም። ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።"

ጋሽ ባፈና አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው። ሲጨንቃቸው በአማርኛ እኔን ወንድ ያደርጉኝ ነበር።

ያን ቀን መዝጋት ነበረብን። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ግን አሥራ ዘጠኝ ሰልጣኞች ሥልጠናቸውን አጋምሰው ነበር፤ አብዛኞቹ ሌላ ቦታ እንደገና መጀመር አይችሉም። ይህ ለሌላ ሰው የምናገረው ምክንያት ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን እኔ ተመልሼ ቤት መቀመጥ ፈርቼ ነው። ስለዚህ መላ ያልኩትን ያመጣሁት ራሴ ነኝ። እኔ ከኋላ ወንበር እቀመጥና በቀኝ በኩል የማየውን እናገራለሁ፤ እሳቸው እግራቸውን ፍሬኑ ላይ ያደርጋሉ። ለሰልጣኞቹ የሥልጠናውን ጥራት ልከታተል ነው አልናቸው።

አምስት ሳምንት እንዲህ ሠራን። "ከቀኝ ሰው" እላለሁ፣ "ከቀኝ ባጃጅ" እላለሁ፣ እሳቸውም ቀስ አድርገው ይረግጣሉ። ምንም ስላልደረሰ ምንም የማይደርስ መሰለን።

ከሰልጣኞቹ መካከል ምሥጋና የምትባል ልጅ ነበረች። ከደጋው ከገረሴ መጥታ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች ነው የምትማረው። "ከገረሴ አርባ ምንጭ ሚኒባስ የምትነዳ ሴት አላየሁም፤ እኔ እሆናለሁ" ትል ነበር። ጋሽ ባፈና የሚሉትን ሁሉ፣ ቀልዳቸውን ሳይቀር ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። መሪ አያያዟ ከወንዶቹም ይሻል ነበር። የሚያስፈራት የሰው ብዛት ብቻ ነው፤ ሰው የበዛበት ቦታ ስትደርስ እግሯ ፍሬኑ ይጠፋበታል።

ፈተናዋ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ እኔ ሌላ መሥሪያ ቤት ለሥራ ፈተና ተጠራሁ። ያመለከትኩት ለጋሽ ባፈና ሳልነግር ነው። ረቡዕ ማታ ደውዬ አሞኛል አልኳቸው።

"ተኛ፣ እረፍ" አሉኝ። "ነገ ሜዳው ላይ ብቻ ነው የምንሠራው። መንገድ አንወጣም።"

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ያወቅኩት ምሥጋና ለፖሊስ ከሰጠችው ቃልና እሳቸው ፍርድ ቤት ከተናገሩት ነው። በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ባለው ሜዳ አንድ ሰዓት ያህል ሠሩ። ወደኋላ መንዳት፣ በኮን መሃል ማለፍ፣ ዳገት ላይ መነሳት። ምሥጋና ሁሉንም በደንብ ሠራች። ከዚያ መኪናውን አቁማ፣ "ጋሼ፣ ቅዳሜ ፈተናው ሰው መሃል ነው። እኔ የምወድቀው እዚያ ነው። አንድ ዙር ብቻ መንገድ እንውጣ" አለቻቸው። አይሆንም አሉ። ደግማ ለመነቻቸው፣ አሁንም አይሆንም አሉ። ሦስተኛ ስትለምናቸው እምቢ ማለት አቃታቸው። "ቀስ ብለህ" አሏት።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ወደ ሲቀላ ሲገቡ በግራ በኩል አንድ ሞተር ሳይክል ድንገት አቋረጣቸው። ምሥጋና ዓይኗን ሞተሩ ላይ አድርጋ መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ሳበች። በቀኝ ከቆመ ባጃጅ ጀርባ አንዲት ሴት የሽፈራው ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ ወደ መንገዱ ገባች። ምሥጋና ዘግይታ አየቻትና ረገጠች፤ የረገጠችው ግን ለማርሽ የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ነው። ሁለተኛው ፍሬን ጋሽ ባፈና እግር ሥር ነበር። አልረገጡትም። መኪናው ፈጣን አልነበረም፤ ሴትዮዋ ግን ስትወድቅ ጭንቅላቷ የመንገድ ዳሩን ቱቦ ድንጋይ መታው።

ምሥጋና ትጮሃለች። ጋሽ ባፈና ወደ እሷ ዞረው "ምንድን ነው የመታነው?" ብለው ጠየቋት።

ከፈተናው ስወጣ ስልኬ ላይ አሥራ አንድ ያመለጠ ጥሪ አገኘሁ።

ሴትዮዋ ዓለሚቱ ትባላለች። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ባሏ ጉታ የሚባል ገበሬ ነው፤ አራት ልጆች አሏቸው። ምሥጋና አንድ ቀን ታስራ ተለቀቀች። ከእስር ስትወጣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አገኘኋት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቀኝና ግራ እግሯን እያፈራረቀች ታያለች። "ፍሪሲዮን ነው የረገጥኩት" አለችኝ። "ሊሻን፣ ፍሪሲዮን ነው።" አጠገቧ ቆሜ ትከሻዋን ያዝኩ። ልነግራት አፌን ከፈትኩና "አይዞሽ" አልኳት።

ፍርድ ቤት ጋሽ ባፈና ጠበቃ አልፈልግም አሉ። ዓይናቸው በቀኝ እንደማያይ፣ ይህን እያወቁ መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ በራሳቸው አፍ ተናገሩ። እትዬ አሰፋሽ የሰሙት ያን ጊዜ ነው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ዳኛው "ይህን ሌላ የሚያውቅ ሰው ነበር?" ብለው ጠየቁ።

"የለም" አሉ ጋሽ ባፈና።

እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ብነሳ ያዩኝ ነበር። አልተነሳሁም። ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው።

የማሰልጠኛው ፈቃድ ተሰረዘ። ሰልጣኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ እስካሁን ለተማሩት ወረቀት እንድሰጣቸው ጠየቁኝ፤ የምሰጣቸው ነገር አልነበረም። አንዱ ልጅ በሩ ላይ ብዙ ቆሞ፣ "የገመዱን ትምህርት እንኳን ቢጨርሱልን" ብሎ ሄደ። ቤቱን አሁን የጫማ ነጋዴ ተከራይቶታል።

የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ጉታ ቤት ለእርቅ ሲሄዱ እኔና አባቴም ተከተልን። ጉታ ብዙ አላስለመናቸውም። "ለእናንተ ስል ይቅር ብያለሁ" አለ። "በቀል የለኝም። ትንሿ ልጅ ግን ገበያተኛ ሲመለስ ባየች ቁጥር መንገድ ላይ ወጥታ ትቆማለች። ለሷ ምን እንደምላት ንገሩኝና ሂዱ።"  ስንመለስ አባቴ ከጎኔ ይሄድ ነበር፤ ስለ ዓይናቸው አውቅ እንደነበር እሱም አያውቅም።

የሥራ ፈተናውን አለፍኩ። ሄጄም ገባሁበት።

ከስድስት ወር በኋላ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ከዚያ በፊት እግሬ አልሄደልኝም። ጋሽ ባፈና ጠቁረውብኝ፣ ከስተው ወጡ። እስክጠራቸው ድረስ አላዩኝም፤ ከዚያ ፊታቸውን በደንብ ወደ እኔ አዙረው ፈገግ አሉ።

"ሥራ አገኘህ?"

"አገኘሁ ጋሼ።"

"ጥሩ። ጥሩ አደረግህ።"

ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እጃቸውን አነሱ። "ተወው። ሁለት ሰው ቢታሰር ለዓለሚቱ ምን ያደርግላታል?" አሉ። "ያቺ ልጅ ግን ሁሉንም ያደረግኩት እኔ ነኝ ብላ ወደ ገረሴ ሄዳለች አሉ። ፍርድ ቤት አልመጣችም፣ አልሰማችም። ሂድና ንገራት። ፍሬኑ እኔ ጋ ነበር በላት" አሉኝ።

በሳምንቱ ገረሴ ሄድኩ። ምሥጋና ከአባቷ ቤት ጀርባ እንሰት መሃል እየኮተኮተች አገኘኋት። ሆቴሉን ትታለች። ወደ አርባ ምንጭ ወርዳ አታውቅም፤ መኪና ውስጥ ከገባች ያማታል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የመጣሁበትን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ጠብታው፣ ከኋላ ወንበር ስለምቀመጥበት ምክንያት። መኮትኮቷን አቁማ አዳመጠችኝ።

"እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጋሼን አልቀየምም" አለች። "አንቺስ ያን ቀን የት ነበርሽ? አሞሽ ነበር አሉ።"

"አላመመኝም። የሥራ ፈተና ነበረኝ።"

"አለፍሽ?"

"አለፍኩ።"

ከዶማው ላይ አፈሩን በጣቷ አራገፈች። "ብትነግሪኝ ኖሮ መንገድ እንውጣ አልላቸውም ነበር" አለች። "ሦስት ጊዜ ነው የለመንኳቸው። እምቢ ሲሉኝ ስለማያምኑብኝ መስሎኝ ነበር።"

 ጎንበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ካቆመችበት ጀምራ መስመሩን እየጨረሰች ከእኔ ራቀች።

እናቷ ከቤት ወጡ። ማን እንደሆንኩ አልተነገራቸውም። የተቀቀለ የቦይና ሥር በሳህን አቅርበው እጄ ላይ ውሃ አፈሰሱልኝና አጠገቤ ተቀመጡ።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ" አሉ በተሰባበረ አማርኛ። "ከከተማ ማንም አይጠይቃትም። አንቺ ብቻ ጓደኛዋ መጣሽ። ብዪ።"

በላሁ።