የትልቁ ጣሳ ኩፖን

«የትኛው ኩፖን ነው ያልተቀነሰልሽ? እስቲ አሳዪኝ» አለችኝ ገንዘብ ተቀባይዋ ብሬንዳ።

ዋጋ የሚያስቀንሱትን ኩፖኖች ከእሁድ ጋዜጣ የምቆርጠው በሥዕላቸው ነበር። ሥዕሉን ከዕቃው ጋር አመሳስላለሁ። ሒሳብ ስከፍል ደግሞ ጆሮዬን አቆማለሁ። ማሽኑ ኩፖኑን ሲቀበል አጭር ድምፅ ያሰማል፤ አልቀበልም ሲል ይጮኻል። ሲጮኽ «ቆይ፣ እስቲ ድገሚው» እላለሁ። ማንበብ እንደማልችል ከልጄ ከኬንድራ በቀር በከተማችን ማንም አያውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት የበረዶ ወራት ሱቁ ማሽኖቹን ቀየረ። አዲሶቹ ድምፅ የላቸውም፤ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ኬንድራን ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ በግድ ነው የምትከተለኝ።

ያን ቀን ሁለት ጣሳ የሕፃን ወተት ይዤ ቆምኩ። ገንዘቤ የሚበቃው ኩፖኖቹ ከተቀነሱ ብቻ ነው። ትንሹ ልጄ ኮልተን ከዚያ ወተት ሌላ የቀመሰውን ሁሉ ያስመልሰዋል። ሬዲዮው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በረዶው ወደ ቤታችን የሚወስደውን የተራራ መንገድ ሊዘጋው ነው ይላል። አንድ ጣሳ መንገዱ እስኪከፈት አያደርሰንም።

ድምሩ ከያዝኩት በለጠ። ቁጥርስ አውቃለሁ።

«ኬንድራ፣ ሁሉም ተቀንሷል?»

«ተቀንሷል፣ እማዬ። እንሂድ በቃ።»

ዐይኗን ከማስቲካው መደርደሪያ አላነሳችም። ከኋላችን አንድ ሰውዬ ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ቆሟል፤ ልጆቹ በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አብረዋት ነው የሚሄዱት።

«አልተቀነሰም» አልኩ። ብሬንዳ ኩፖኖቹን ከመሳቢያው አውጥታ ፊቴ ዘረጋቻቸውና ያንን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ወረቀቶቹን አገላበጥኳቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ ይሆንልሻል ወይስ ለፋሲካ እንመለስ?» አለ ሰውየው። ልጆቹ ሳቁ።

«ልጄ ታሳይሽ» አልኩ ለብሬንዳ። «መነጽሬን ረስቼ ነው።»

«ምን መነጽር አለሽና ነው?» አለች ኬንድራ ቀስ ብላ። ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ። «መቼ መነጽር ኖሮሽ ያውቃል? ማንበብ አትችልም፣ እሺ? እናቴ ማንበብ አትችልም! አሁን ደስ አላችሁ?»

ብሬንዳ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ኩፖኖቹን በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻቸው።

«የኔ እህት፣ እነዚህ የትልቁ ጣሳ ናቸው። አንቺ ያነሳሽው ትንሹን ነው። ሥዕላቸው አንድ ስለሆነ ነው የተሳሳትሽው።»

«ታዲያ ትልቁን ስጪኛ።»

«ትልቁማ የታለ? በረዶ ይመጣል ሲባል ጠዋት ጠራርገው ወሰዱት።»

«እንግዲያው አንዱን መልሺው» አልኩ።

ይኼኔ ሰውየው በትከሻዬ በኩል ሃያ ዶላር ዘረጋ። ፊቱ ቀልቷል። «እንካ... እንቺ ውሰጂ» አለ። «ቅድም ለቀልድ ነው እኮ። ለሕፃኑ ነው፤ ውሰጂ።»

ኬንድራ እጅጌዬን ያዘች። «እማዬ፣ አትውሰጂ። ከእሱ ከወሰድሽ እኔ ሁለተኛ እዚያ አውቶቡስ ላይ አልወጣም። እለምንሻለሁ።»

አየኋት። ኮልተንን አሰብኩና ገንዘቡን ተቀበልኩ። ከፍዬ ሁለቱንም ጣሳ አነሳሁ።

ኬንድራ እጅጌዬን ለቃ ወጣች። መኪናው ውስጥ ሳገኛት መስኮቱን በጃኬቷ ሸፍናው ነበር።

መንገዱ ተዘጋ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የኮልተን ጡጦ ብቻ ነበር። በኋላ መንገዱ ሲከፈት ኬንድራ እውነትም አውቶቡሱ ላይ አልወጣችም። ብለምናትም፣ ብቆጣትም፣ አክስቷ ከምትኖርበት ከኮሎምበስ ከተማ በስልክ ብትመክራትም አልሆነም።

«እዚያ ከአንቺ ጋር ልኑር» አለቻት በመጨረሻ። ስልኩን ይዛ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። «እዚያ ማንም አያውቀኝም። የማንም ዐይን አልሆንም።»

ከሰማሁ በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ ማንበብ ለመማር ተመዘገብኩ። ለኬንድራ ነገርኳት። «ጥሩ ነው» አለችና ልብሷን ማጣጠፏን ቀጠለች።

መጋቢት ላይ አክስቷ መጥታ ወሰደቻት። እኔና ኮልተን ቀረን።