አሥራ አራተኛው ጂን

ታናሽ እህቴን ወደ ቤተ ሙከራው ያስገባኋት እኔው ነኝ፤ ሥራውንም ከሀ እስከ ፐ አስተምሬያታለሁ።

ስምንት ዓመት የለፋሁት በአንድ ጥያቄ ነበር። የስንዴ ሥር ጨውን ከውስጡ እያወጡ የሚያጓጉዙ፣ የአንድ ቤተሰብ የሆኑ ሃያ ሦስት ጂኖች አሉት። ስንዴውን በጨዋማ አፈር ላይ ሊያቆመው የሚችለው የትኛው ነው? ውጤት ሲጠፋ ባልደረቦቼ «ጨው ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

እህቴ በገባች በዓመቷ፣ እኔ «ይሄማ ሰነፍ ነው» ብዬ የተውኩትን አሥራ አራተኛውን ጂን አነሳች። ጂኑን ያጠናከረችባቸው ችግኞች የጨው ውሃ እየጠጡ ሦስት ሳምንት ለምልመው ቆሙ። የእኔዎቹ ከጫፋቸው ጀምሮ ቢጫ ሆነው ተኙ።

«እትዬ፣ ነይ እዪልኝማ!» ብላ እጄን ስትጎትት ፈገግ አልኩ። ወዲያው ግን ወደ ራሴ ቢጫ ችግኞች ዞርኩ። እናታችን ሳትቀር ስትደውል የምትጠይቀኝ ስለ እሷ ችግኞች ሆነ።

ማክሰኞ ዕለት ደብተሯን ሳገላብጥ ስህተት አገኘሁ። ለአንድ ሊትር የሚበቃውን ጨው በሁለት ሊትር ውሃ በጥብጣዋለች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ውጤቷን የምታቀርበው ሐሙስ ነበር።

ሐሙስ፣ ጭብጨባው ሳያልቅ እጄን አወጣሁ።

«ጨዉ በግማሽ ቀጥኗል፤ ደብተሯ ላይ አለ» አልኩ።

እህቴ ደብተሯን ገልጣ አነበበች። ፊቷ ሲለዋወጥ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

«ልክ ነው» አለች። «እደግመዋለሁ።»

ደገመችው። በትክክለኛው ጨው፣ ጂኑ ያልተጠናከረባቸው ተራዎቹ ችግኞች በዘጠኝ ቀን አለቁ፤ የእሷዎቹ ቆሙ። በቀጭኑ ውሃ ተራዎቹም ትንሽ ተቋቁመው ስለነበር፣ ልዩነቱ አሁን ይበልጥ ጎላ። ላዋርዳት ብዬ ከፍ አደረግኳት። ኃላፊያችን ደግሞ ስህተቱን ስላየሁ በሰው ፊት አመሰገነኝ። ምስጋናው እንደ ሚጥሚጣ ለበለበኝ።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«እትዬ፣ መቼ ነው ያየሽው?»

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ ለምን ለብቻዬ አልነገርሽኝም?»

«ቀናሁብሽ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ ያንቺን የድሮ ደብተሮች አንብቤ ነው የጀመርኩት» አለችኝ። «አሥራ አራተኛውን የተውሽበት ምክንያት አላሳመነኝም።»

ከስድብ ይልቅ ይህ ቆጠቆጠኝ።

በሁለተኛው ዓመት ስንዴው ጨው ነጭ አድርጎት ከከረመ ማሳ ላይ ተዘራ፤ በቅሎም ዛላ ያዘ። ባለማሳው ዛላውን እያሻሸ፣ «ይሄን ያገኘችው የትኛችሁ ናት?» አለ።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«እሷ ናት» ብዬ ጠቆምኩ። ጣቴ ግን እንደ ድንጋይ ከብዶኝ ነበር።